ነጭ ሽንኩርት የማይገባበት ቤት

በዚያ የድንጋይ መመርመሪያ ቤት ነጭ ሽንኩርት ይዞ መግባት ክልክል ነው። በሩ ላይ ተጽፏል። አዲስ የተቀጠረ ሁሉ ቀልድ ይመስለውና ይስቃል፤ ምሳህን ይዘህ ከግቢ ውጣ ሲባል ግን ሳቁ ይደርቃል። ምክንያቱ ብዙ አያከራክርም። አርሴኒክ ያለበት ድንጋይ በመዶሻ ሲመታ ወይም እሳት ሲነካው ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል፤ አርሴኒክ ደግሞ መርዝ ነው። ስለዚህ ከየጉድጓዱ የሚመጣ ድንጋይ ሁሉ ወደ እቶን ከመሄዱ በፊት በሩ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል በትንሽ መዶሻ ይመታል፣ ይሸተታል። የሸተተው ቀይ ጠመኔ ተቀብቶ ጢስ መሳቢያ ወዳለው ክፍል ይሄዳል። ያልሸተተው ነጭ ጠመኔ ይቀባና ወደ ተራው እቶን ያልፋል። እንግዲህ አንዱ ምሳውን አምጥቶ ኮሪደሩን ቢያውደው፣ ሽታው ከድንጋዩ ይሁን ከሳህኑ ማን ይለያል?

መዶሻው የተሰጠው ሰውዬ እናቱ ያወጣችለት ስም ነበረው፤ የሚጠራው ግን ጠፋ። ድሮ እኩዮቹ "አፍንጫው" አሉት። ኋላ የመጡት ልጆች ደግሞ ዕድሜውን አክብረው "ጋሽ አፍንጫ" አደረጉት። ማክበርና መስደብ በአንድ ትንፋሽ እንዲህ ተስማምተው የወጡበት ሌላ ስም አላውቅም። እሱ ግን ይወደው ነበር። እውነትም አፍንጫ ነበረው! ዝናብ ሊመጣ ሲል ከራዲዮው ቀድሞ ይናገራል። የሂሳብ ክፍሏ ሴትዮ ሳሙና ስትቀይር "ይኼኛው አልተስማማሽም" ይላታል። ድንጋይ ሲመታማ ጎንበስ ብሎ አንዴ ሳብ ያደርግና "አለበት" ወይም "የለበትም" ይላል፤ በቃ፣ ፍርዱ ይግባኝ የለውም።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። የስፌት ማሽኗ የሳሎኑ መስኮት ስር ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ይንጫጫል። የመሥሪያ ቤቱን ሕግ ከእሱ በላይ የምታከብረው እሷ ነበረች። "የነጭ ሽንኩርት ሽታ እጅ ላይ ያድራል፤ ነገ አፍንጫህን ቢያሳስትብህ ሰው ትገድላለህ" ብላ ከሰኞ እስከ ዓርብ ነጭ ሽንኩርት ቤቷ አታስገባም። እሑድ ሥራ ስለሌለው ቅዳሜ ማታ ግን ቂሟን ትወጣ ነበር። አንድ ሙሉ ራስ ልጣ ትወቅጥና ድስቱ ውስጥ ትጨምራለች። እሱ መስኮት እየከፈተ "ኧረ ጎረቤት ይሰማል!" ይላል። እሷም "ይስማ! ሳምንቱን ሙሉ የድንጋይ ሚስት ነኝ፤ ዛሬ እንኳ የሰው ሚስት ልሁን" ትለዋለች።

አንድ እሑድ ጠዋት ደከመኝ ብላ ጋደም አለች። ሐኪም ቤት በእግሯ ገባች፤ ተመልሳ አልወጣችም። እንዲህ ነው፣ ሞት ሲመጣ አያስጠነቅቅም። ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ሰውዬው ቤቱን ቢያይ ከእሷ የቀረ ትኩስ ነገር አንድ ሻርፕ ብቻ ነበር፤ የማሽኑ ወንበር ላይ ጣል እንዳደረገችው አለ። ሌላው ሁሉ ታጥቦ፣ ታጥፎ፣ ለዘመድ ተከፋፍሏል።

ሥራው ያስተማረው አንድ ነገር ነበር። አንዳንድ ድንጋይ ሲሰበር ውስጡ እንደ ብር ያብረቀርቃል፤ አየር ሲያገኘው ግን በጥቂት ቀን ይጠቁራል። እንዲህ ያለውን ድንጋይ አፉ ሰፊ የሆነ ብልቃጥ ውስጥ ከትተው፣ የክዳኑን ዙሪያ ቅባት ቀብተው ያሽጉታል፤ አየር አይገባም፣ አይወጣም። ከአለቃው አንድ ባዶ ብልቃጥ ለምኖ ወሰደና ሻርፑን ከተተበት። ሳያሸተው ከተተው። አንዴ ባሸተተው ቁጥር ከውስጡ አንድ ነገር የሚቀንስ መሰለው፤ ለክፉ ቀን ይሁን ብሎ ቁም ሳጥኑ ላይ አኖረው። ብቸኝነቱ ሲጠናበት ብልቃጡን ያይና "ገና ነው፣ ከዚህም የከፋ ቀን አለ" እያለ ይታገሣል። ስስታም ሰው ለራሱም ይሰስታል ማለት ይኼ ነው።

ባለፈው ክረምት ብርቱ ጉንፋን ጣለው። ውሃ የሚያቀብለው አልነበረም። ልጁ ሩቅ ከተማ ባል አግብታ ትኖራለች፤ እሑድ እሑድ ትደውልና "አባዬ፣ በልተሃል?" ትለዋለች። "በልቻለሁ" ይላታል። የአባትና የልጅ ወሬ እዚያ ላይ ያልቃል። በዚያ ሰሞንም "በልቻለሁ" አላት እንጂ ታመምኩ አላላትም። ትኩሳቱ ሲለቀው ቤቱ ጭር አለበት፤ የገዛ ጉሮሮው ሲውጥ ይሰማዋል። ክፉ ቀን ማለት ይኼ ነው ብሎ ብልቃጡን ከፈተው።

ምንም አልሸተተውም።

አፍንጫውን ጨርቁ ውስጥ ቀበረ። ምንም። ክዳኑን ቶሎ ገጠመና እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ አለቀሰ፤ በሞተች ጊዜ እንኳ እንደዚያ አላለቀሰም። በማግስቱ ሥራ ገባ፤ መዶሻውን አነሳና ቀይ የተቀባ፣ ከሩቅ የሚሸት፣ የታወቀ ድንጋይ መታ። እሱም አልሸተተውም። ያን ጊዜ ሰውዬው ምን ቢል ጥሩ ነው? "ተመስገን!" አለ ጮክ ብሎ። ሽታዋ አላለቀም ይሆናል፤ ያለቀው አፍንጫው ነው።

ደስታው ግን ግማሽ ነበር። ብልቃጡ ባዶ ይሁን አይሁን አሁን እሱ ሊያውቅ አይችልም። የሌላ ሰው አፍንጫ ያስፈልገዋል። የሌላ ሰው አፍንጫ ለመለመን ደግሞ የራሱ እንደሞተ መናገር አለበት። ጋሽ አፍንጫ አፍንጫ የለውም ከተባለ መዶሻው ይወሰዳል፤ መዶሻው ከተወሰደ ወደዚያ ጭር ያለ ቤት ሂድና ተቀመጥ ይባላል። በቀን ውስጥ ሰው "እንዴት አደሩ?" የሚለው በዚያች በር አጠገብ ባለች ክፍል ብቻ ነበር። ስለዚህ ዝም አለ፤ ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው።

ዝም ብሎም አልተቀመጠም፣ ዘዴ አበጀ። ድንጋዩን እንደ ወትሮው መትቶ፣ ጎንበስ ብሎ ለይስሙላ ሳብ ያደርጋል፤ ከዚያ የተሰበረውን ፊት መስኮቱ ላይ አየር እንዲያገኘው አስቀምጦ ይጠብቃል። አርሴኒክ ያለበት አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ይደበዝዛል፣ ይጠቁራል። የጠቆረውን ቀይ፣ ያልጠቆረውን ነጭ ይቀባል። ሥራው ዘገየ፤ ለጠየቀው ሁሉ "እርጅና ነው" ይላል።

በዚህ መሃል ነው ባለእቶኗ ጠዋት ጠዋት መምጣት የጀመረችው። ተራው እቶን ላይ ድንጋይ የምታቃጥል፣ ጎልማሳ፣ ወሬ የማታበዛ ሴት ናት። "ጋሼ፣ ማጉያ መነጽርዎን ያውሱኝ" ትላለች። ጠረጴዛው ዙሪያ ቆም ትላለች፣ ድንጋዮቹን እያነሳች፣ እርስ በርስ ጋጨት እያደረገች ታያለች፣ ስለ ብርዱ ታወራለች፣ ትሄዳለች። የራሷ ማጉያ ኪሷ ውስጥ እንዳለ አንድ ቀን አይቷል። አይቶም አልተናገረም። ሁለተኛ ኩባያ ገዛ። ጢሙን በየቀኑ መላጨት ጀመረ። ክፉ ሐሳብ አልነበረውም፤ እንደው ጉዳይ ሳይኖረው የሚጎበኘው ሰው በማግኘቱ ነው። ወንድ ልጅ ሲያረጅ ጥርሱ ይወልቃል እንጂ ሞኝነቱ አይወልቅም።

ከዕለታት አንድ ቀን ከጥልቅ ጉድጓድ የወጡ ድንጋዮች በሳጥን መጡ። ከመካከላቸው አንዱ ሲሰበር ፊቱ እንደ ቆርቆሮ ነጭ ሆኖ ብልጭ አለ። መዳፉ ላይ አደረገው፤ ከመጠኑ በላይ ከበደው። እጁ "ተጠንቀቅ" አለችው። እሱ ግን ከባድ ሁሉ አርሴኒክ አይደለም ብሎ መስኮቱ ላይ አኖረው። ሰነበተ፣ ድንጋዩ አልጠቆረም። ቀን ጨመረለት፤ ያው ነጭ ነው። ያ ድንጋይ ድኝ የሌለበት፣ ብረትና አርሴኒክ ብቻ ተጣብቀው የሠሩት፣ ብዙ የማይገኝ ዓይነት ነበር። አየር በቶሎ አይደፍረውም። ቢሸተት ኖሮ በመጀመሪያው ምት ይናገር ነበር፤ ዓይን ግን ይታለላል። ነጭ ጠመኔ ቀባው።

በዚያ ጠዋት ባለእቶኗ ማጉያ ልትዋስ አልመጣችም፤ እናቷ አሟት ሐኪም ቤት ወስዳት ነበር። ሁለተኛው ኩባያ ባዶውን ተቀመጠ። ከሰዓት በኋላ ስትደርስ አለቃው "ውጤቱ ዛሬ ይፈለጋል" ብሎ አጣደፋት። ነጭ የተቀቡትን በጥድፊያ አንስታ አስፈጨችና እቶን ውስጥ ከተተች።

ጋሽ አፍንጫ ሻዩን ቀድቶ ወደ ክፍሉ ሲመለስ ጩኸት ሰማ። ኮሪደሩ ላይ ሰው ሁሉ አፍንጫውን በመሀረብ፣ በእጅጌ፣ በኮሌታ ይዞ ወደ ውጭ ይተራመሳል። እሱ ብቻ ኩባያውን እንደያዘ ወደ ውስጥ፣ ወደ እቶኑ ክፍል ያዘግማል። የጽዳት ሠራተኛዋ ክንዱን ጨምድዳ ያዘችው።

"ጋሽ አፍንጫ! ወዴት ነው የሚሄዱት? አይሸትዎትም እንዴ?"

"ምኑ?" አላት።

ሴትዮዋ አፏን ከፍታ አየችው። ግቢው ሙሉ ነጭ ሽንኩርት በነጭ ሽንኩርት ሆኗል፤ በረኛው እንኳ ከአጥር ውጭ ሆኖ ፊቱን አዙሯል። እየጎተተች አወጣችው።

ባለእቶኗ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ትስላለች። ዓይኗ ቀልቷል፣ ከንፈሯ ነጥቷል። እቶኑን አጥፍታ፣ በሩን ዘግታ ነው የወጣችው፤ ለዚያ ያህል ጢሱን ጠጥታለች። አለቃው ከልጅነት ያልራቀ፣ ሲደነግጥ የሚያፋጥጥ ሰው ነው።

"ምን ዓይነት ድንጋይ ነው ያስገባሽው? ቀይ ነው ነጭ?"

"ቀይ" አለች እየሳለች። "ስቸኩል... ትሪ ተሳስቼ ነው። የእኔ ጥፋት ነው።"

ጋሽ አፍንጫ ሰማ። ቀይ አልነበረም። እሷም ቀይ እንዳልነበረ ታውቃለች። የጽዳት ሠራተኛዋ አጠገቡ ቆማ መሬት መሬት ታያለች፤ ያቺን "ምኑ?" ውጣታለች። ሁለት ሴቶች ያለ ምክክር ሸፍነውታል። ዝም ቢል ዝም ይባልለት ነበር። መዶሻው፣ ክፍሉ፣ "እንዴት አደሩ?" የሚለው ሁሉ ባለበት ይቀጥላል። ባለእቶኗ ግን እንደገና ሳለች፤ ሳሏ ከሆዷ ነው የሚመጣው።

"ነጭ ነው" አለ።

"ምን አሉ?"

"ነጩን የቀባሁት እኔ ነኝ። እሷ አልተሳሳተችም። አይሸተኝም። ከክረምት ወዲህ አፍንጫዬ ሞቷል።"

በዚያ ቀልደኛ በሞላበት ግቢ ማንም አልሳቀም። አለቃው ብዙ ሊናገር አፉን ከፈተና ሽማግሌውን ሲያይ ተወው። "ሰው ቢሞትብንስ ኖሮ ጋሼ?" አለ ብቻ። ከነገ ጀምሮ መዶሻውን እንዲያስረክብና ምድር ቤት ያለው መጋዘን ውስጥ፣ የተመረመሩ ድንጋዮች መደርደሪያ ላይ እንዲሠራ ተነገረው። አልተባረረም። ምድር ቤት ግን ሰው የማይወርድበት ቦታ ነው።

ባለእቶኗ ክሊኒክ ደርሳ ደኅና ነሽ ተብላ ስትመለስ ዕቃውን ሲሰበስብ አገኘችው። በሩ ላይ ቆመች።

"ምነው ዝም ቢሉ ኖሮ?"

"ምነው አንቺስ ለእኔ ብለሽ መዋሸትሽ?" አላት። ከዚያ ነገሩ ገባውና ቀና አለ። "ታውቂ ነበር?"

"ቆየሁ ካወቅሁ። መልስዎ ሲዘገይ ጊዜ ጠረጠርኩ። አንድ ጠዋት ሕጉን ጥሼ ነጭ ሽንኩርት አመጣሁ፤ የማጉያው ማስቀመጫ ሥር ቀጥቅጬ ደበቅሁት። ክፍሉ ታፈነ። እርስዎ 'ዛሬ አየሩ ጥሩ ነው' አሉኝ።"

ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። "እንግዲያ ጠዋት ጠዋት የምትመጪው..."

መዋሸት የምትችልበት ጊዜ ነበር፤ አልዋሸችም። "ነጭ የቀቧቸውን እያጋጨሁ ለማሽተት ነበር" አለች። "የተሳሳቱትን፣ ዞር ሲሉልኝ፣ ቀይ እቀባቸው ነበር። ዛሬ ብቻ ቀረሁ።"

መዶሻውን ሲቀሙት ያላለቀሰው ሰውዬ ዓይኑ ሞላ። ሁለተኛውን ኩባያ ጋዜጣ ጠቅልሎ ሳጥኑ ውስጥ ከተተው። "ለአለቃው ለምን አልነገርሽም?" አላት ፊቱን ሳያዞር።

"አባቴ ጡረታ በወጣ በዓመቱ ሞተ" አለች። "በሽታ አልነበረበትም።"

እዚያ ላይ ተለያዩ።

ምድር ቤት መስኮት የለውም፤ አምፖልና መደርደሪያ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሰውዬው የመጡለትን ድንጋዮች በየቦታቸው ሲያኖር ከዚያ ነጭ ድንጋይ ሳይፈጭ የተረፈው ስባሪ እጁ ገባ። ሎሊንጋይት የሚል ስም ተጽፎበት፣ ዘግይቶም ቢሆን ቀይ ተቀብቶ ወርዷል። አሁንም አልጠቆረም። "አንተ ሌባ፣ ምንም አልመሰለህም አይደል?" አለውና በቦታው አኖረው። ከእንግዲህ የሚያናግረው እንዲህ ያለውን ነው። ማሽተት የሚያስፈልገው ድንጋይ እዚህ የለም፤ ሁሉም ተሸትቶ ያለቀለት ነው። ስለዚህ ማንንም አልጠበቀም።

ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማ። ባለእቶኗ ነበረች፤ በዚያው በለመደችው ሰዓት።

"ማጉያው እላይ ክፍል ቀርቷል" አላት። "አዲሱን ሰውዬ ጠይቂው።"

ከኪሷ የራሷን ማጉያ አወጣችና አሳየችው። "አለኝ" አለች። "እንዴት አደሩ?"

ሰውዬው ወደ ሳጥኑ ዞረ። ሳጥኑን ከፍቶ ኩባያውን ከጋዜጣው የሚያወጣ መሰላት። ያወጣው ግን ብልቃጥ ነው። ከቤት ያመጣው ጠዋት ነበር፤ ለምን እንዳመጣው ለራሱም አልገባውም ነበር። የሚደብቀው ነገር ስላለቀ ይሆናል። በሁለት እጁ ይዞ አቀበላት።

"ጨርቅ ነው" አለ። "ክፈቺና አሽትተሽ ንገሪኝ። ደግሞ እንዳታዝኝልኝ። ልክ እንደ ድንጋይ ንገሪኝ። ምንም ከሌለበት ምንም የለበትም በይ።"

የማን ነው ብላ አልጠየቀችም። ክዳኑን ጠምዝዛ ከፈተች፣ ጎንበስ አለች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ሰውዬው የሐኪም ፊት እንደሚያይ በሽተኛ ፊቷን አየ። ቆየች።

"የለበትም አይደል?" አላት።

"ቆይ እንጂ ጋሼ፣ ያስተንፍሱኝ።" ደግማ ሳበች። "ዘይት አለ። የመኪና አይደለም፣ ቀጭን ዘይት ነው። የስፌት ማሽን ዘይት ይመስለኛል።"

ሚስቱ ልብስ ሰፊ እንደነበረች በዚህ ቤት ለማንም ተናግሮ አያውቅም። መደርደሪያውን ያዘ።

"ሌላስ?"

ሦስተኛ ጎንበስ አለች። ቅንድቧ ተኮማተረ፤ ቀና ስትል ሕግ ያፈረሰች ይመስል አፈረች። "እንደ ድንጋይ ንገሪኝ ስላሉ ነው እንግዲህ። ነጭ ሽንኩርት ይሸታል።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"በዚህ ቤት ይኼን ሁሉ ዓመት እቶን ላይ ቆሜ ነጭ ሽንኩርት ይጠፋኛል? ነጭ ሽንኩርት ነው።"

ሰውዬው ሳጥን ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ። መጀመሪያ ሳቀ፤ ሳቁ መንገድ ላይ ለቅሶ ሆነ፣ ሊያቆመውም አልሞከረም።

"ቅዳሜ ማታ ነበራ" አለ።

"ምኑ?" አለችው።

ሁለተኛውን ኩባያ ከጋዜጣው እየፈታ "ክደኚውና ቁጭ በይ፣ እነግርሻለሁ" አላት።